ተኝቶ ሳለ ይለካ

እሱ፦ እህቴ፣ «90 በ55» ቢሉን እኔና አንቺ የደም ግፊታችን ዝቅ ብሏል እንላለን። በስድስት ወር ሕፃን ላይስ?

እሷ፦ ጤናማ ነው። ቀኑን ጠብቆ የተወለደ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የላይኛው ቁጥሩ 70 አካባቢ ነው። በሳምንታት ውስጥ ቶሎ ይጨምርና እስከ መጀመሪያ ልደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 100 ባለው ውስጥ ይቆያል።

እሱ፦ እንግዲያው 120 ያነበበች እናት ብትደነግጥ አይፈረድባትም።

እሷ፦ አይፈረድባትም፤ ግን ልጁ ሲለካ እያለቀሰ ነበር? ለቅሶም፣ መጥባትም ግፊቱን ከፍ ያደርጋሉ። ክንዱ ላይ የሚጠቀለለው ጨርቅም አለ፤ ከጠበበ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይወጣል፣ በዚያች ሚጢጢ ክንድ ላይ የትልቅ ልጅ ከታሰረ ደግሞ ዝቅ ይላል። ልጁ ተኝቶ፣ ሰውነቱ ላላ ብሎ ሳለ ደጋግሞ መለካት ነው።

እሱ፦ ሁሉም ሕፃን ይለካ?

እሷ፦ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ መመሪያ ለጤናማ ልጅ ከ3 ዓመት ጀምሮ ይላል። ያለጊዜው የተወለደ፣ የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ግን ያን ያህል አይጠብቅም። እናቶች፣ ልጃችሁ እንዲህ ከሆነ በቀጣዩ ቀጠሮ «ግፊቱን ለኩልኝ» በሉ።