ስሙ ጠፍቶ ቦታው ያልተለቀቀ ፋይል



በእነዋሪ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት የሊኑክስ ሰርቨሩ ዲስክ ስለ ሞላበት አስጠርቶኝ ነበር። «ዲኤፍ» የተባለው ትእዛዝ ፓርቲሽኑ 100 በመቶ ሞልቷል ይላል፤ ፋይሎቹን እየደመረ የሚሄደው «ዲዩ» ግን የዚህን ግማሽ እንኳ አላገኘም። የሰርቨሩ ኀላፊ ቦታ ለማስለቀቅ ሲል አንድ ግዙፍ የሎግ ፋይል ሰርዞ ኖሯል። ቦታው ሳይመለስለት ቢቀር የባለጉዳዮችን ሰነድ ወደ መሰረዝ ሊያልፍ ተዘጋጅቶ ደረስሁበት።

በሊኑክስ ፋይል መሰረዝ ማለት ስሙን ከማውጫው መፋቅ ነው፤ ፋይሉን ከፍቶ የያዘ ፕሮግራም እስካለ ድረስ የዲስኩ ቦታ አይለቀቅም። በጅሩ ስንዴ የተሞላ ጆንያ ጽሑፉ ቢፋቅ ስንዴው እንደማይጎድል ሁሉ ማለት ነው። «ዲዩ» በስም ስለሚፈልግ አያየውም፤ «ዲኤፍ» ግን የፋይል ሥርዓቱን ሒሳብ ስለሚጠይቅ አይስተውም።

«ኤልሶፍ» የተባለውን ትእዛዝ «ፕላስ ኤል 1» ጨምረን በጠየቅን ጊዜ ስም አልባው ፋይል ከነያዡ ፕሮግራም ታየ። ፕሮግራሙን እንደገና ብናስነሣው ቦታው ወዲያው ተመለሰ። (የተሰረዘው ፋይል የሚፈለግ ቢሆን ኖሮ፣ ፕሮግራሙ ሳይዘጋ በፊት «ፕሮክ» ከተባለው ማውጫ ሥር መገልበጥ ይቻል ነበር።)

ሌላም ምክንያት አይጠፋም። ሌላ ዲስክ በተገጠመበት ማውጫ ሥር ተሸፍነው የቀሩ ፋይሎችን «ዲዩ» አይቆጥራቸውም፤ በኤክስት4 ደግሞ 5 በመቶው እንደ ልማዱ ለሩት ተጠቃሚ ይጠበቃል። በእኔ አስተያየት ግን አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት ያልተዘጋው ፋይል ነው። ለኀላፊውም በሥራ ላይ ያለ ሎግ ሲያብጥበት ከመሰረዝ ይልቅ «ትራንኬት» በተባለው ትእዛዝ ወደ 0 እንዲያወርደው አሳይቼው ተመለስሁ።