ቪዛ የተከለከለ ሰው ምን ያድርግ?

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች! በብቸናም ሆነ በሞጣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። ለንደን ያለች ልጅ ልትወልድ ነው፤ እናቷ መጥታ እንድታርሳት ትጋብዛለች። እናት የጉብኝት ቪዛ ትጠይቅና ትከለከላለች። ቤተሰቡ በሐዘን ላይ ሳለ ደላላ ብቅ ይልና «የባንክ ወረቀት እናሠራለን» ይላል። ይህ ይፈቀዳልን?

መልሳችን አይፈቀድም ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከባባድ ኃጢአቶችን ሲቆጥሩ የሐሰት ምስክርነትን ከሺርክና ወላጅን ከማስከፋት ጋር አብረው ጠቅሰዋል። የሐሰት ሰነድም የሐሰት ምስክር ነው። እናትን ለማስደሰት ተብሎ እናትን በሐሰት ማስፈረም ምን ዓይነት ውለታ ነው? በዱንያም ቅጣት አለው፤ በማጭበርበር የተገኘን አመልካች ብሪታንያ እስከ 10 ዓመት፣ ካናዳ 5 ዓመት ታግዳለች፤ የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ለዘለቄታው ሊከለክል ይችላል።

ታዲያ ሐላሉ መንገድ የቱ ነው? በመጀመሪያ የክልከላውን ደብዳቤ ቋንቋውን በሚያውቅ ታማኝ ሰው ማስነበብ ነው። ምክንያቱና የይግባኙ ቀነ ገደብ እዚያው ላይ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ ይግባኝ መኖሩን ማወቅ ነው። ብሪታንያ ለቤተሰብ ጠያቂዎች የነበረውን ሙሉ የይግባኝ መብት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 አንሥታለች፤ የቀረው በሰብዓዊ መብት ላይ የተመሠረተው ብቻ ስለሆነ አብዛኛው ሰው እንደገና ያመለክታል። አሜሪካ ሄዶ እንደሚመለስ አላሳመነም ተብሎ የተከለከለ ጎብኚም ይግባኝ የለውም፤ ከፍሎ እንደ አዲስ ያመለክታል። ካናዳ የተከለከለ ሰው በ60 ቀን ውስጥ ጉዳዩ እንዲታይለት ለፌዴራል ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። የሸንገን አገሮች ምክንያቱን በጽሑፍ የመስጠትና ይግባኝ የመቀበል ግዴታ አለባቸው፤ ሥርዓቱ ግን እንደየአገሩ ነው። ጀርመን ለኤምባሲው የሚቀርበውን አቤቱታ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ አስቀርታለች፤ የቀረው ፍርድ ቤት ነው።

ሦስተኛ፣ ለተጻፈው ምክንያት በእውነት መልስ መስጠት ነው። በአገራችን ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው፤ በፓስፖርት ላይ የእናትና የልጅ ስም አይገጥምም። የልደት የምስክር ወረቀት ከነትርጉሙ ይያያዝ። «መሐመድ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል በልዩ ልዩ መልክ ይጻፋል፤ በሁሉም ሰነድ አንድ ይሁን። የኢትዮጵያና የፈረንጅ ዘመን አቆጣጠር እንዳይደባለቅ ይታይ። የጤፍ ሽያጭ ገንዘብ በአንድ ቀን ባንክ ከገባ፣ ከየት እንደመጣ ይገለጽ። ወጪውን የምትሸፍነው ልጅ ከሆነች የእርሷ ደመወዝና ሒሳብ ይቅረብ። እናት ተመላሽ መሆኗን የመሬት ይዞታ ደብተሯ፣ የንግድ ፈቃዷና እዚህ የሚጠብቋት ቤተሰቦቿ ይመስክሩላት።

ወንድሞችና እህቶች! መከልከል ውርደት አይደለም። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከ1,400 ያህል ሶሓቦች ጋር ለዑምራ ሲሄዱ ቁረይሾች ከሑደይቢያ መለሷቸው። ነቢዩ አልዋሹም፣ በስውርም አልገቡም፤ ተዋዋሉ፣ ታገሡ። በዓመቱ በውሉ መሠረት መካ ገቡ። የተፈቀደላቸው ሦስት ቀን ነበር፤ ሦስቱ ቀን ሲያልቅ ወጡ።

ቪዛም ውል ነው። በጉብኝት ስም ገብቶ መቅረት አማናን ማፍረስ ነው፤ ዳፋውም ለሌላው ይተርፋል። የአውሮፓ ኅብረት ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን በመመለስ ረገድ ከመንግሥት በቂ ትብብር አላገኘሁም በማለት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የቪዛ ውሳኔ የሚወስድበትን መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዝሟል። በዚህም ልጇን ዓይታ ልትመለስ የምትሻ እናት ተጎድታለች።

በውጭ ያላችሁ ልጆች ሆይ! ቪዛው ቢዘገይ በየሳምንቱ ደውሉ፤ ከቻላችሁም እናንተው መጥታችሁ ዘይሩ። አላህ የተራራቁትን በሐላል ያገናኝልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።