ሣጥኑ፣ አቤቱታውና መንዙማው
(በመስጂዳችን የመታሰቢያ በዓል ላይ ስለ ወጣቶች የተደረገ ንግግር)



 

ኮሚቴው ስለ ወጣቶች እንድናገር ሲጠይቀኝ በመጀመሪያ ልሸሽ ፈልጌ ነበር። ስለ ወጣት ብዙ ይነገራል፤ ተናጋሪው ግን ሁልጊዜ ሽማግሌ ነው፤ ንግግሩም ምክር ነው። ልጆቻችን ምክር በዝቶባቸዋል። በኋላ ግን ሳስበው የምናገረው ምስክርነት አለኝ፤ ምስክርነቱም በከፊል በራሴ ላይ ነው። እሱን ብናገር ይሻላል ብዬ መጣሁ።

እኛ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች ታሪካችንን ስንተርክ የምንጀምረው በአንድ ወጣት አቤቱታ ነው። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) በነጃሺ ፊት በቆመ ጊዜ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ስደቱ የተጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ615 ነው። ቁረይሾች ለንጉሡም ለባለሟሎቹም ስጦታ አስይዘው መልእክተኞች ልከዋል፤ የስደተኞቹ እጅ ባዶ ነው። ጃዕፈር ቀድሞ ምን እንደነበሩ፣ ነቢዩ ምን እንዳስተማሯቸው፣ ለምን አገራቸውን ጥለው እንደወጡ በቅደም ተከተል አስረዳ። ሲጠየቅም ከሱረቱ መርየም አነበበ። ንጉሡም ስጦታውን መልሶ ስደተኞቹን አስጠለለ። ይህን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ስንሰማው የምናደንቀው የንጉሡን ፍትሕ ነው፤ ማድነቃችንም ተገቢ ነው። የተናጋሪውን ዕድሜ ልብ ያለው ግን ጥቂት ነው።

ግጥምንም ያነሣሁ እንደሆነ፣ «ግጥም ከመስጂድ ምን አገናኘው?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለባለቅኔው ለሐሳን ኢብን ሣቢት በመስጂዳቸው ውስጥ መቆሚያ እንዳስደረጉለት ዑለማዎቻችን አስተምረውናል። ሩቅ ነው የምትሉ ከሆነ ወደ ጎረቤታችን ወደ ወሎ እንሂድ። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳው ጉባኤ ዐፄ ዮሐንስ ሙስሊሞች በሦስት ዓመት ውስጥ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ባዘዙ ጊዜ፣ ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈር ሃያ አምስት ዓመት ገደማ የሆናቸው ወጣት ነበሩ። ተቃውሞውን ከመሩት ሸኾች አንዱ ሆኑ። ደግሞም በአማርኛ ቋንቋ፣ በዐረብኛ ፊደል፣ ዐጀሚ በምንለው አጻጻፍ መንዙማ ደረሱ። ዐረብኛ የማያውቀው ገበሬና እረኛ ዲኑን በገዛ ቋንቋው በዜማ እንዲይዝ ማለት ነው። እስከ 1928 ዓ.ም. ኖረዋል። ትእዛዙ አለፈ፤ መንዙማው ግን በየወዳጃው ቀርቷል። ኪታብ ይቃጠላል፣ ሰውም ይሰደዳል፤ እናት ለልጇ ያንጎራጎረችውን ማን ይነጥቃል?

ከዚያ ወዲህ ያለውን እዚህ ካሉት አባቶች አንዳንዶቹ በዐይናቸው አይተውታል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከመቶ ሺህ በላይ የተገመተ ሕዝብ ሰልፍ ወጣ። በዝግጅቱ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ወጣት ምሁራን ትልቅ ድርሻ ነበራቸው፤ በሰልፉም ክርስቲያን ወገኖቻችን አብረው ተሰልፈዋል። ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን መንግሥት የቀረቡት ጥያቄዎች 13 ናቸው። መንግሥትና ሃይማኖት እንዲለያዩ፣ በዓሎቻችን የአገሪቱ በዓላት እንዲሆኑ፣ ሙስሊሙ መሬት የማግኘት መብት እንዲኖረው፣ እነዚህና ሌሎችም አሉበት። እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ስለ ስማችን የቀረበው ጥያቄ ነው። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ትባሉ ነበር፤ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን» አሉ። ልዩነቱ የአንድ ቃል ይመስላል። የተከራይና የባለቤት ልዩነት ነው። በተከታዩ ዓመት፣ በ1967፣ ሁለቱ ዒዶችና መውሊድ የሕዝብ በዓል ሆነው ታወጁ። ዛሬ ልጆቻችን በዒድ ቀን ትምህርት ቤት የማይሄዱት እነዚያ ወጣቶች ጥያቄያቸውን ቁጥር ሰጥተው፣ በወረቀት ጽፈው ስላቀረቡ ጭምር ነው።

የ2004ቱን ደግሞ እናንተ ወጣቶች ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። በአወሊያ ትምህርት ቤት መምህራን ሲባረሩ ተማሪዎቹ ተነሡ፤ ሕዝቡ 17 አባላት ያሉት ኮሚቴ መረጠ፤ «ድምፃችን ይሰማ» ተባለ። የተጠየቀው መጅሊሱ በሕዝብ ምርጫ እንዲቋቋም፣ የአሕባሽ ትምህርት በግድ እንዳይጫን፣ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ እንዲመራ ነበር። የጁሙዓው ሰልፍ በዝምታ፣ እጅን በማጣመር፣ ነጭ ጨርቅና ቢጫ ካርድ በማሳየት ይካሄድ እንደነበር ይታወሳል። እኔ ግን ዛሬ ማስታወስ የምፈልገው ከዚያ ሁሉ ያነሰ የሚመስለውን፣ «የሰደቃና የአንድነት ፕሮግራም» ይባል የነበረውን ነው። ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ከብት አርዶ፣ በየመስጂዱ አንድ ላይ ይበላ ነበር። ሐምሌ 6 ቀን 2004 ሌሊት ፖሊስ አወሊያ ሲገባ በግቢው የነበሩት ሰዎች የእሑዱን ሰደቃ ሊያሰናዱ ላይ ታች ሲሉ ነበር። መሪዎቹ ታሰሩ፤ በ2007 ክረምት ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው፤ የመጨረሻዎቹ በየካቲት 2010 ወጡ። በ2012 ደግሞ የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በወጣ አዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። የተጠየቀው ሁሉ ተመለሰ አልልም። ወጣትነታቸውን በእስር ቤት የጨረሱትን ዓመታትም የሚመልስ አዋጅ የለም።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ፤ የራሴም ጥፋት ያለው እዚህ ነው።

ይህችን የጓሳ ደጋ ታውቋታላችሁ። ከአፋፉ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሰው ከእግሩ ሥር የይፋትን ቆላ ያያል። ጓሳውን፣ ቤት የምንከድንበትን፣ ገመድ የምንጠምዝበትን ሣር፣ ከ300 ዓመት በላይ ያቆየው የቄሮ ሥርዓት ነው። (በዚህ ዘመን ቄሮ ሲባል ሌላ ነገር የሚመጣበት አለ፤ እኔ የማወራው ስለ መንዞች ስለ ጓሳ ጠባቂዎቹ ነው።) ከአስቦና ከገራ የተወለደ ሁሉ ባለድርሻ ነው፤ አባ ቄራ ይመረጣል፤ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ በአደባባይ ይከፈታል፤ ባለድርሻው ሁሉ በአንድ ቀን ማጭዱን ይዞ ይወጣል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ጓሳውም ተጎዳ። በኋላ ሕዝቡ ራሱ ኮሚቴ አቋቁሞ መልሶ አነሣው። ሥርዓቱን ያከበሩት ቅጣት ፈርተው ብቻ አይመስለኝም። መቼ እንደተዘጋና መቼ እንደሚከፈት ሁሉም ያውቅ ነበር።

የእኛ የሰደቃ ሣጥን ግን እንደዚያ አልነበረም። ቁልፉ ከአንድ ሽማግሌ ኪስ ወደ ሌላ ሽማግሌ ኪስ ይተላለፍ ነበር፤ ከተላለፈባቸውም ኪሶች አንዱ የእኔ ነው። ሌብነት አልነበረም፤ አላህ ምስክሬ ነው። ነገር ግን መዝገብም አልነበረም። ወጣቶቻችን ደብተር ይዘው መጥተው «አባባ፣ ገቢና ወጪው ይጻፍ» ሲሉኝ ተቆጣሁ። የታመንኩበትን ዕድሜ የናቁብኝ መሰለኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ከለከልኳቸው።

ከዚያ ውርጭ ገብሱን መታው። ወጣቶቹ ማንም ሳያዛቸው በየጎጡ ዞረው የተጎዳውን ቤተሰብ ሁሉ መዘገቡ። ዝርዝሩን ሲያነቡልን ከላይ ያሉት ስሞች አብዛኛዎቹ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ የከፋው ጉዳት የደረሰው በእነሱ በኩል ነበርና። ስብሰባው ተረበሸ። «የሙስሊም ገንዘብ ነው» ብለን ከተነሣነው ውስጥ ድምፁ ከፍ ያለው የእኔ ነበር። ነገሩን የፈታው ኢማማችን ነው። ዘካ በቁርኣን የተወሰኑ ስምንት ባለመብቶች አሉት፤ ሰደቃ ግን ከዚያ ሰፊ ነው፣ ለተቸገረ ጎረቤት ሁሉ ይደርሳል፣ ሃይማኖቱ አይጠየቅም አለን። «ችግሩ ሁለቱን በአንድ ሣጥን መክተታችሁ ነው» አለ። ልጆቹ በዚያው ሳምንት ሁለተኛ ሣጥን አሠሩ። ዛሬ በሩ አጠገብ የምታዩዋቸው ሁለቱ ሣጥኖች እነዚያ ናቸው። እያንዳንዳቸው ሦስት ቁልፍ አላቸው፤ አንዱ በኮሚቴው፣ አንዱ በወጣቶቹ፣ አንዱ በሴቶቹ ጀመዓ እጅ ነው። ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። ደብተሩም በየወሩ ከጁሙዓ በኋላ ይነበባል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነበብ አፍሬ ነበር፤ በሁለተኛው ወር ግን የሚገባው ገንዘብ ጨመረ። ሰው የሚያየውን ነገር አይሰስትለትም።

ሁለተኛው ነገር የመቃብር ቦታችን ነው። በዚህ ደጋ ቁጥራችን ጥቂት ነው፤ የራሳችን መቃብር የለንም። ጀናዛችንን በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ቆላ እንወርዳለን። ክረምት ሲሆን ጭቃው፣ ጉሙ፣ ቁልቁለቱ ምን እንደሆነ የተሸከመ ያውቀዋል። እኛ አባቶች ለብዙ ዓመታት የለመንነው በቃል ነበር፤ ሹም ሲቀየር ልመናችንም አብሮት ይሄዳል። ወጣቶቹ ጻፉት። ስንት ቤተሰብ እንደሆንን፣ ስንት ሰዓት እንደምንጓዝ፣ የትኛው ለእርሻም ለግጦሽም የማይሆን መሬት እንደሚበቃን በወረቀት አስቀምጠው አስፈረሙ። አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ መለሳቸው፤ አንዴ ማኅተም ጎደለ፣ አንዴ ኃላፊው የለም፣ አንዴ ፋይሉ ጠፋ። በአራተኛው ጊዜ ቅጂውን ይዘው ሄዱ። ከፈረሙት ምስክሮች መካከል የክርስቲያን ሽማግሌዎች አሉ። ይህን የምለው የገብሱን ውለታ ለመቁጠር አይደለም፤ ሰደቃ ተሰጥቶ የሚቆጠር ከሆነ ንግድ ሆነ። እነዚያ ሰዎች ድሮም በኀዘናችን ቃሬዛውን እስከ ወንዝ የሚሸኙን ናቸው። ግን ከዚያ በፊት ፈርሙልን ብለን ጠይቀናቸው አናውቅም ነበር።

ሦስተኛው ግጥሙ ነው። ባለፈው መውሊድ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በሴቶቹ በኩል ተነሥታ ራሷ የደረሰችውን መንዙማ አሰማች። አያቷን በሐምሌ ዝናብ ወደ ቆላ ያወረድን ጊዜ ልጅቱ ሕፃን ነበረች። ሁለት ስንኝ በቃሌ ይዣለሁ፦

ዕድሜውን በሞላ ደጋ ያረሰ ሰው፣
ሦስት ክንድ አፈር አጣ ሲሞት የሚያለብሰው።

የሴት ልጅ ድምፅ ነው ብሎ ያጉረመረመ ነበር። ኢማሙ ዝም አሰኙት፤ እኔም በዚያን ቀን ዝም ማለትን ተምሬ ነበርና ዝም አልኩ። አቤቱታው አራት ገጽ ነው፤ ያነበበውም ምናልባት አራት ሰው ነው። ይህችን ሁለት ስንኝ ግን በሳምንቱ ገበያ ላይ ከአንዲት ሙስሊም ካልሆነች ባና ሻጭ አፍ ሰማኋት። «እውነት መቃብር የላችሁም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሃያ ዓመት ከእሷ ባና ገዝቻለሁ፤ ነግሬያት አላውቅም።

በዚህ ዓመት መሬቱ ተለክቷል፤ ችካልም ተተክሏል። የማረጋገጫ ወረቀቱ ግን እስካሁን አልተሰጠንም። ችካል በአንድ ሌሊት ይነቀላል፤ ስለዚህ ነገሩ አለቀ ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

ከኮሚቴው ጋር የተነጋገርነውን ላሳውቃችሁና ልቀመጥ። ከዚህ ወር ጀምሮ በኮሚቴው ውስጥ ለወጣቶች ሁለት ቦታ ይሰጣል፤ ሻይ ለማቅረብና ምንጣፍ ለማንጠፍ አይደለም፣ ድምፅ ያላቸው አባላት ናቸው። ከሁለቱ አንዱ የሚይዘው የእኔን ቦታ ነው፤ ደብተሩን ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ አስረክባለሁ። ቆጥሬ ስለማስረክብ መስማት የሚፈልግ ይቆይ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ልጆቹ ስለ ማረጋገጫው ወደ መሥሪያ ቤቱ ይሄዳሉ። መኪና አልተገኘም፤ በእግር ነው። ጉልበቴ እስከቻለ አብሬያቸው እሄዳለሁ፤ አብሮ መሄድ የሚፈልግ አባት ካለ ከሱብሒ በኋላ እዚሁ ደጃፍ እንገናኝ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።