ዲክላራሲዮን የባለቤቱ ቃል ነው
(በኢዮቤልዩ በዓሉ ላይ ለነጋዴ አባሎቻችን የቀረበ ንግግር)



እኛ ጅቡቲ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የብዙዎቻችን እንጀራ ከወደቡ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በተነሣው ጦርነት ምክንያት አሰብ ከቀረ ወዲህ የአገራችን ገቢና ወጪ ዕቃ በአብዛኛው የሚያልፈው በደጃችን ነው። ስለዚህ በዚህ ቀን ስለ ጉምሩክ ወረቀት ብናወራ የበዓሉን ለዛ እንዳጠፋን አትቁጠሩብን።

በነጋዴዎቻችን ዘንድ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ውክልናውንና ሰነዱን ለትራንዚተር አስረክቦ «አንተ ታውቃለህ» ማለት ነው። ትራንዚተሩ በእርግጥ ሥራውን ያውቃል፤ ዕቃውን ግን አያውቀውም። የሚያየው ኢንቮይሱን፣ የዕቃ ዝርዝሩንና የመርከብ ጭነት ሰነዱን ብቻ ነው። ኢንቮይሱ ላይ «መለዋወጫ» ተብሎ ከቀረ፣ የመኪና ይሁን የወፍጮ፣ ብረት ይሁን ጎማ በምን ይለየው? የታሪፍ ቁጥሩን በግምት ይሞላል ማለት ነው።

ግምቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በቁጥር እንየው። እስከ ወደብ ያለው ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ተጨምሮ የዕቃው ዋጋ 100,000 ብር ነው እንበል። ኤክሳይዝ የለበትም፤ ሱር ታክስ ግን ይመለከተዋል። የጉምሩክ ቀረጡ 10 በመቶ ቢሆን 10,000 ብር ነው። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰላው በ110,000 ላይ ስለሆነ 16,500 ይመጣል፤ 10 በመቶው ሱር ታክስ ደግሞ በ126,500 ላይ 12,650 ይሆናል። ድምሩ 39,150 ብር ነው። ያው ዕቃ 35 በመቶ በሚከፈልበት ቁጥር ቢመዘገብ ድምሩ 70,775 ይደርሳል። ሌሎቹን ክፍያዎች ሳንቆጥር የ31,625 ብር ልዩነት መሆኑ ነው! አንዱ ክፍያ በሌላው ላይ ስለሚሰላ የመጀመሪያዋ ስሕተት እየተባዛች ትሄዳለች።

ዋጋ አሳንሶ ማስጻፍ ብልጠት የሚመስላቸውም አሉ። ጉምሩክ ዕቃውን በቀይ መስመር ከመደበው ኮንቴይነሩ ተከፍቶ ይፈተሻል፤ በአረንጓዴ ቢያልፍ እንኳ ከወጣ በኋላ መዝገብ ይመረመራል። ያን ጊዜ የሚጠራው የዕቃው ባለቤት ነው። ስማችሁን ለወዳጅ የምታውሱም ይህን አስቡበት፤ በወረቀቱ ላይ ባለቤቶቹ እናንተ ናችሁና።

በመልቲሞዳል የመጣ ኮንቴይነር እዚህ አይከፈትም፤ የቀረጡ ሥርዓት የሚፈጸመው ሞጆን በመሰለ ደረቅ ወደብ ነው። ስሕተቱ የሚታየው እዚያ ሲደርስ ሲሆን፣ እስኪታረም ድረስ የመጋዘኑና የኮንቴይነሩ ኪራይ ይቆጥራል። ላኪዎችም ብትሆኑ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን የሚከታተለው በዲክላራሲዮናችሁ ስለሆነ የቡናው ክብደትና ዋጋ ከውሉ ጋር ይግጠም።

መድኃኒቱ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ነው። ሻጩ ረቂቅ ኢንቮይስ ይላክላችሁ፤ የዕቃውን ስም፣ የተሠራበትን ነገር፣ አገልግሎቱንና ሞዴሉን ይጻፍበት። ከዚያ ከትራንዚተራችሁ ጋር ተቀምጣችሁ አንብቡት። ሻይ ቤትም ቢሆን ይበቃል።