ስለ ብስክሌት ልምምዳችን
(በሰፈራችን ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተነገረ። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ተለጥፏል።)



የዛሬው ጉዳያችን አንድ ነው። በሰፈራችን በብስክሌት የምንለማመድ ስድስት ሰዎች አለን። «ይህ ነገር ይቅርብን፣ ልጆቻችንን ያስጨርሳል» የሚል አቤቱታ ከወላጆች ቀርቧል። አቤቱታውን በመዝገብ ያሰፈርነው እኛው፣ ብስክሌቱንም የምንነዳው እኛው ነን። ስለዚህ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ሳምንቱን እንዴት እንደምናሳልፍ ሳንደብቅ እንንገራችሁ ብለን ተነሥተናል።

ብስክሌት የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚሉ አሉ። አገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እኛ እንኳ ከነሱ ተርታ አንቆጠርም። ለጤናችን የምንነዳ፣ ሥራና ቤተሰብ ያለን ሰዎች ነን።

ሰኞ አንነዳም። ካቴናውን እናጸዳለን፣ ዘይት እንቀባለን፣ ጎማ እንነፋለን። ሰውነት የሚጠነክረው በድካሙ ሰዓት ሳይሆን በዕረፍቱ ነውና።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር በዝግታ እንሄዳለን። መለኪያችን ወሬ ነው። እየነዱ ማውራት ካቃተ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ የቸኮለ ቶሎ ያለከልካል።

ረቡዕ የዳገት ቀን ነው። ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳገቱን አምስት ደቂቃ እንወጣለን፣ ቀስ ብለን እንመለሳለን፤ አራት ጊዜ እንደግመዋለን። ደሴ ድረስ አንሄድም። ማርሹን አቅልሎ ቶሎ ቶሎ መርገጥ ይሻላል፤ ከባድ ማርሽ ጉልበት ይጎዳል። ሐሙስ ዕረፍት ነው። ዓርብና ቅዳሜ እንደየሥራችን አንድ አንድ ሰዓት እንነዳለን።

እሁድ ረጅሙ ጉዞ ነው። በሱሉላ በኩል አድርገን እስከ አምባሰሏ ውጫሌ፣ ያቺ በ1881 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመባት ቦታ ድረስ እንሄዳለን። ደርሶ መልስ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳንጠይቅ አንነሣም። ስንቃችን በሶ፣ ሙዝና ውኃ ነው። ውኃውን ሳይጠማን በየጊዜው እንጎነጫለን። ከውጫሌ ወዲያ ወደ ውርጌሳና መርሳ አንወርድም፤ የወረደ መልሶ መውጣት አለበት።

አሁን ወደሚያሳፍረን ነገር እንምጣ። ባለፈው ክረምት አንድ እሁድ ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ ልጅ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ጭነት የያዘች አህያ መንገድ ገባችበት ብለን ነበር ያወራነው። እውነት ነው፣ ገብታለች። ነገር ግን አስፋልቱ እርጥብ ነበር፣ የኋላ ፍሬኑ ጎማ አልቆ ነበር፣ እኛም በቁልቁለት እየተሽቀዳደምን ነበር። ፍሬኑ ማለቁን ከመካከላችን ሁለታችን እናውቅ ነበር። «ለዛሬ ይበቃዋል» አልን። አህያዋ ምን ታድርግ? ጥፋቱ የኛ የታላላቆቹ ነው። የልጁ እናት ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጠዋል። እትዬ፣ በሰው ፊት ይቅርታ እንጠይቅዎታለን። ለሕክምና ያወጡትንም ስድስታችን አዋጥተን እንከፍላለን።

አባላት ልምምዱ ይቅር ካላችሁ እንቀበላለን። ነገር ግን ብንከለከል ልጆቹ ተደብቀው፣ ታላቅ ሳይኖር፣ ፍሬን ሳይታይ እንዳይነዱ እንሰጋለን። ስለዚህ በሚከተለው ግዴታ እንድትፈቅዱልን እንለምናለን፦

1ኛ. ቅዳሜ ማታ የሁሉም ብስክሌት ሁለቱም ፍሬን ይታያል። ያላለፈ እሁድ አይወጣም።
2ኛ. በቁልቁለት መሽቀዳደም የለም። ሁለቱንም ፍሬን ቀደም ብሎ፣ ቀስ በቀስ መያዝ ነው።
3ኛ. በአንድ ረድፍ፣ ቀኝ ጠርዝ ይዘን እንነዳለን። በጨለማና በዝናብ አንወጣም።
4ኛ. ወላጁ ያልፈቀደለት ልጅ ከኛ ጋር አይነዳም።

ከናንተም ሁለት ነገር እንጠይቃለን። ውሾቻችሁን ማለዳ እሰሩልን፤ የተሰበረ ጠርሙስ መንገድ ዳር አትጣሉብን።

ፍርዱን ለናንተ ትተናል። ከድምፁ በፊት ግን ሌላ ሰው ሳይናገር የልጁ እናት ይናገሩ። ቅድሚያው የሳቸው ነው።

ፈጣሪ ሰፈራችንን ሰላም ያድርግልን። አሜን።