የጉበትን ጠባሳ ያለ መርፌ መለካት



ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ጉበትን የሚጎዱት ውስጥ ውስጡን ነው። ቫይረሱ ያለበት ሰው ሃያና ሠላሳ ዓመት ሙሉ አርሶ፣ ነግዶ፣ ልጅ አሳድጎ ምንም ሳያመው ሊኖር ይችላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ጉበቱ እየቆሰለ ይሽራል፤ የሻረው ቦታ ጠባሳ ይይዛል፤ ጠባሳው ሲበዛም ለስላሳው አካል ይደድራል። ብዙዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ሆዳቸው ውሃ ሲቋጥር ወይም ደም ሲያስመልሳቸው መሆኑ እጅግ ያሳዝናል።

ጠባሳውን ቀድሞ ለማወቅ ለረጅም ዘመን የነበረው መንገድ መርፌ ነው። በጎድን አጥንት መካከል ገብቶ ከጉበት ቀጭን ቁራጭ ያወጣል። ቁራጩ የጉበቱ 50,000ኛ ክፍል ገደማ ብቻ ነው። ያማል፤ አልፎ አልፎም ያደማል፤ ውጤቱን የሚያነብ ፓቶሎጂስት ደግሞ በየቦታው አይገኝም።

እ.ኤ.አ. በ2003 ኤኮሴንስ የተባለው የፓሪስ ኩባንያ ጠባሳውን ያለ መርፌ የሚለካ ፋይብሮስካን የተባለ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ታካሚው በጀርባው ተኝቶ ቀኝ እጁን ከራስጌው ያደርጋል። ባለሙያው ጄል ቀብቶ የመሣሪያውን ጫፍ በጎድኖቹ መካከል ሲያሳርፍ ታካሚው የሚሰማው የቀላል ኩርኩም ያህል ነው። ያ ምት በጉበት ውስጥ ሞገድ ያስነሣል፤ አልትራሳውንዱም የሞገዱን ፍጥነት ይከታተላል። በሰከንድ 1 ሜትር ከተጓዘ ውጤቱ 3 ኪሎፓስካል (የድድርና መለኪያ) ነው። ፍጥነቱ ወደ 2 ሜትር ሲያድግ ቁጥሩ አራት እጥፍ ሆኖ 12 ይገባል፤ ጉበት በደደረ መጠን ሞገዱ ይፈጥናልና። ልኬቱ አሥር ጊዜ ተደግሞ መካከለኛው ቁጥር ይወሰዳል፤ ሁሉም በጥቂት ደቂቃ ያልቃል።

ተራው የሆድ አልትራሳውንድ ይህን አይተካም። የጉበትን መልክ እንጂ ድድርናውን አይለካም፤ ስለዚህ «ንጹሕ ነው» የተባለ ጉበት ብዙ ጠባሳ ተሸክሞ ሊገኝ ይችላል።

የፋይብሮስካን ቁጥርም ቢሆን ለብቻው አይነበብም። ምግብ በልቶ የመጣ፣ ጉበቱ በዚያው ሰሞን የተቆጣ፣ የሐሞት ቱቦው የተዘጋ ወይም ልቡ የደከመ ሰው ያለ ጠባሳም ከፍተኛ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ታካሚው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ሳይበላ እንዲመጣ የሚነገረውም ለዚህ ነው። ሆዱ ውሃ በቋጠረ ሰው ላይ ደግሞ ሞገዱ ፈሳሹን አያልፍም።

በኢትዮጵያ ይህ መሣሪያ ያለው ጥቅም በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በተጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና መርሐ ግብር ከ1,300 በላይ ሰዎች ተመዝግበው በፋይብሮስካን ጭምር ተመርምረዋል፤ መድኃኒት የሚያስፈልጋቸውም ቴኖፎቪር ተሰጣቸው። በመጀመሪያው ዓመት ሕይወታቸው ካለፈው ታካሚዎች አብዛኞቹ ጉበታቸው ፈጽሞ ከተዳከመ በኋላ የመጡ ነበሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ከ7 ኪሎፓስካል በላይ ያለውን የሄፓታይተስ ቢ ታካሚ ለሕክምና ብቁ አድርጎታል፤ ከ12.5 በላይ ሲሆን ሲሮሲስ፣ ማለትም ጉበት በጠባሳ ክፉኛ የደደረበት ደረጃ፣ ይባላል። መሣሪያው በሌለበት ኤኤስቲ የተባለው የጉበት ኢንዛይምና የፕላትሌት ቁጥር ይበቃሉ፤ ከሁለቱ የሚሰላው ኤፕሪ ከ0.5 ከበለጠ መድኃኒት ይጀመራል። የዞን ሆስፒታል ሐኪም በሽተኛውን አዲስ አበባ ወረፋ እንዲጠብቅ ሳያደርግ ይህን እዚያው ማስላት ይችላል። ሲሮሲስ የደረሰበት ሰው ግን መድኃኒት ጀምሮም ቢሆን ለጉበት ካንሰር በየስድስት ወሩ በአልትራሳውንድ መታየት አለበት።