የቴኒስ ራኬት ክር በቤት ውስጥ ስለ መወጠርና ስለ መቆንጠጫ ምርጫ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእስ ከዕለት ሥራችን የራቀ ቢመስልም፣ ስለ ውጥረትና ስለ ሰበቃ የምናውቀውን የሚፈትን ነው። የራኬት ክር መወጠሪያ ሊገዛ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ «ስንት ኪሎ ይስባል?» ብሎ ነው። በእኔ አስተያየት ጥያቄው ያለ ቦታው የገባ ነው። ማንኛውም ደኅና መሣሪያ 25 ኪሎ ይስባል፤ ቁም ነገሩ ከተሳበው ውስጥ ስንቱ በራኬቱ ላይ ይቀራል የሚለው ነው። ይህንንም በአብዛኛው የሚወስነው መቆንጠጫው ነው።

መቆንጠጫ ስል ክሩን ነክሶ የሚይዘውን፣ ትንሽ ሞርሳ የሚመስለውን ዕቃ ማለቴ ነው። በቤት ውስጥ በሚሠራበት ተራ መሣሪያ፣ በዘንግ ላይ የተሰካው ክብደት ክሩን ይስባል፤ ዘንጉ አግድም ሲረጋ ውጥረቱ ከተፈለገው ደረሰ ማለት ነው። ከዚያ ክሩ ይቆነጠጣል፤ ዘንጉም ይነሣል። በዚያች ቅጽበት መቆንጠጫው 1 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ቢመለስስ?

እስቲ እናስላ። አንድ ክር በ25 ኪሎ ሲሳብ 3 ሳንቲሜትር ተለጠጠ እንበል። 1 ሚሊሜትር ሲመለስ ከመለጠጡ አንድ ሠላሳኛውን ያጣል፤ ይኸውም ከ1 ኪሎ ጥቂት ያነሰ ነው። ክሩ ግትር ሆኖ የተለጠጠው 1 ሳንቲሜትር ብቻ ቢሆን ግን ያችው ሚሊሜትር 2 ኪሎ ተኩል ይዛ ትሄዳለች።

ስሌቱ ዛሬ የበለጠ ያሳስባል። የባቦላ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1875 ጀምሮ በሊዮን ከተማ ለቴኒስ የሠራው የአንጀት ክር ተለጣጭ ነው፤ ናይሎንም ይለጠጣል። ብራዚላዊው ጉስታቮ ኩዌርተን እ.ኤ.አ. በ1997 በፖሊስተር ክር ተጫውቶ የፈረንሳይን ውድድር ካሸነፈ ወዲህ ግን የግትሩ ክር ወዳጅ በዝቷል። ግትር ክር ደግሞ ለመቆንጠጫ ጉድለት ምሕረት የለውም።

መቆንጠጫ ሁለት ዓይነት ነው። ተንቀሳቃሹ ከመሣሪያው ጋር አይያያዝም፤ የተሳበውን ክር ከጎረቤቱ ክር ጋር አጣምሮ በመንከስ ጎረቤቱን ተደግፎ ይቆማል። ዘንጉ ሲነሣ ግን ያዘነብላል፤ ያች ሚሊሜትር የምትጠፋው በዚህ ነው። የተለመደው ራኬት 16 የቁምና 19 የአግድም ክር አለው (የቁሙን ድር፣ የአግድሙን ማግ ብንለው ሸማኔ አይቀየመንም)፤ መካከለኞቹ ሁለት ድሮች ሲሳቡ የሚደገፉበት የተወጠረ ጎረቤት ገና የለም። ስለዚህ ሁለቱን በአንድነት መሳብ የተለመደ ዘዴ ነው።

ቋሚው ከመሣሪያው ወለል ጋር ስለሚታሰር በማንም ክር ላይ አይደገፍም። ይሁን እንጂ ቋሚ የተባለ ሁሉ ቋሚ አይደለም፤ መሠረቱ የሚወላገድ ርካሽ ቋሚ ከጥሩ ተንቀሳቃሽ የባሰ ነው። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ የራሱን ራኬት ለሚወጥር ሰው ጥሩ ተንቀሳቃሽ ይበቃዋል፤ ጉድለቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ ክብደቱን ጥቂት ጨምሮ ያካክሰዋል። የሌላ ሰው ራኬት የሚቀበል ግን ገንዘቡን በጠንካራ ቋሚ መቆንጠጫ ላይ ያውል። በተጠየቀው መጠን አድርሻለሁ ብሎ ራኬቱን ሲያስረክብ የሚታመነው በቃሉ ነውና።

የገዛችሁትን ለመፈተን ቀለም ብቻ ይበቃል። ክሩን ከጥርሱ ጠርዝ ላይ ምልክት አድርጉና ዘንጉን አንሡ። ምልክቱ ከጥርሱ ከራቀ ክሩ እየሾለከ ነው፤ ምልክቱና ጥርሱ አብረው ከሄዱ የተንቀሳቀሰው መቆንጠጫው ራሱ ነው። ለሚሾልክ ክር መድኃኒቱ በመጀመሪያ ጥርሱን በአልኮል ማጽዳት፣ ከዚያም ብሎኑን በጥቂቱ ማጥበቅ ነው። ብዙዎች ከማጥበቅ ይጀምራሉ፤ የአንጀት ክር በዚህ ይደቃል።

የመጨረሻው ክር ብቻ ከማናቸውም መቆንጠጫ ያመልጣል፤ ቋጠሮው ሲጠብቅ ጥቂት መላላቱ አይቀርም። ስለዚህ እርሱን 1 ወይም 2 ኪሎ ጨምሮ መሳብ የተለመደ ነው። ክሩን በቀዳዳው ውስጥ በወስፌ ወትፎ መያዝ ግን የቀረ ልማድ ይሁን፤ ወስፌ ክር ይበላል።

ሁለቱን ዓይነት መቆንጠጫ ከነመሣሪያው በጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ፤ ቀለሙም ከጎኑ አለ።